«ተመስጥሯል» የተባለው ቪዲዮ፦ የአንድ የባሕር ዳር አስጠኚ ቡድን የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ የመራዊ ተማሪ ለፊዚክስ መምህር የጽሑፍ መልእክት ላከ። «ቲቸር፣ 14ኛው ትምህርት ላይ ሳጥኑ ቁልቁል እየተንሸራተተ የሰበቃ ኃይሉን ወደ ታች ያሳዩት ለምንድን ነው?» ይላል። መምህሩ መልስ ሊጽፉለት ሲሉ የደንበኞችን መዝገብ ከፈቱ። የልጁ ስም የለም፤ ስልኩም የለም። 14ኛውን ትምህርት ደግሞ ያልከፈለ ሰው ሊያየው አይችልም፤ ቢያንስ እርሳቸው እንደዚያ ያምኑ ነበር። «ከየት አገኘኸው?» ብለው ሲጠይቁት ልጁ ቅንጣት ሳያፍር የአንድ ቻናል አድራሻ ላከላቸው። ለእርሱ ነገሩ መጽሐፍ ተውሶ እንደማንበብ ነው።

ቻናሉ ውስጥ ከ90 በላይ ቪዲዮዎች በቅደም ተከተል፣ በርዕስ በርዕሳቸው ተሰድረው ተቀምጠዋል። የሒሳቡ መምህር በኋላ እንዳሉኝ፣ ከእነርሱ መተግበሪያ ይልቅ እዚያ መፈለግ ይቀልላል።

ቡድኑ አራት ሰው ነው፤ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራን እንዲሁም አንድ የካሜራ ባለሙያ። ሽምብጥ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የቪዲዮ ትምህርት ይቀርጻሉ። ቀን ቀን የባጃጅ ጥሩምባ ስለማያስቀርጽ ሥራው የሚጀመረው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ፈላጊ አላጡም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ በኋላ ወላጅ ለልጁ ማስጠኛ የማያፈላልግበት ቤት የለም። ተማሪው 500 ብር በቴሌብር ይከፍልና እስከ ፈተናው ድረስ ይመለከታል። ከፋዮቹ በዚያን ጊዜ ከ600 ትንሽ ይበልጡ ነበር።

እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት በሒሳቡ መምህር በኩል ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ደውለው ያሉኝ ይህን ነው፦ «አንተ ልጅ፣ ቪዲዮው ተመስጥሯል ተብለን ከፍለንበታል እኮ። ምስጢሩ ምኑ ላይ ነው?»

መፍሰሻውን ፍለጋ

የቡድኑ ጥርጣሬ አንድ ከፋይ ስክሪኑን እየቀረጸ ያወጣዋል የሚል ነበር። የወጡትን ፋይሎች ስመለከት ግን የስልክ ባትሪና የሰዓት ምልክት አይታይባቸውም፤ የምስሉ ስፋትና ርዝመት ከዋናው ጋር አንድ ነው፤ ርዝማኔያቸውም እስከ ሰከንድ ክፍልፋይ ድረስ ይገጥማል። ይህ የተቀረጸ ስክሪን ሳይሆን ራሱ ዋናው ፋይል ነው።

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ብለው የሒሳቡ መምህር አንድ የከፋይ መለያ ሰጡኝ። በላፕቶፔ ገብቼ፣ ማንም ያለ ክፍያ በሚያገኘው ተራ የማውረጃ ፕሮግራም ሞከርኩ። ቡና እየተፈላ ነበር፤ አቦሉ ሳይቀዳ 14ኛው ትምህርት ሙሉ በሙሉ ዴስክቶፔ ላይ ተቀመጠ። በክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የጀበናው ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ቪዲዮዎቹን ለቡድኑ ያመሰጠረው የቀድሞው ባለሙያ አልዋሸም። ቪዲዮው በእርግጥ ተመስጥሯል። በኢንተርኔት የሚተላለፍ ቪዲዮ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል አይሄድም፤ ጥቂት ሰከንድ እየያዘ ወደ ብዙ ቁራጭ ይከፈልና የቁራጮቹ አድራሻ በአንድ ፕሌይሊስት ይዘረዘራል። ባለሙያው እያንዳንዱን ቁራጭ ኤኢኤስ-128 በተባለው የምስጠራ ስልት ቆልፎታል። ስልቱ ጠንካራ ነው፤ ባንኮችም በዚሁ ቤተሰብ ይጠቀማሉ። ችግሩ ያለው የቁልፉ አድራሻ እዚያው ፕሌይሊስቱ ውስጥ መጻፉ ላይ ነው። የከፈለ ሰው ገብቶ ሲጠይቅ ሰርቨሩ 16 ባይት የሆነውን ቁልፍ እንዳለ፣ ሳይሸፍን ያስረክበዋል። ቁልፉን የሚቀበለው የቪዲዮ ማጫወቻው ይሁን የማውረጃ ፕሮግራም ሰርቨሩ አያውቅም፤ አይጠይቅምም። ይባስ ብሎ ለሁሉም ትምህርቶች የዋለው አንድ ቁልፍ ነበር። አንዴ ያገኘው ሰው ሁሉንም ከፍቷል።

አንድ የአካባቢ ልማድም መጠቀስ አለበት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ተማሪዎች ትምህርት የሚያገኙት ከእጅ ወደ እጅ ነበር። ሜሞሪ ካርድ ይገለበጣል፣ ፍላሽ ይዞራል፣ በዜንደር ይላላካሉ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ልማዱ አልቀረም። ፋይሉን ያወጣው ሰው ራሱን ሌባ ብሎ አይጠራም፤ እንዲያውም ምስጋና የሚገባው ይመስለዋል። ይህን ሳይረዱ መቆለፊያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ ለቡድኑ ነገርኳቸው። የኬሚስትሪው መምህር በዚህ አልተስማሙም፤ አሁንም አይስማሙም።

ዲአርኤም የሚጠብቀው ምኑን ነው

ዲአርኤም (የዲጂታል መብቶች አስተዳደር) ቁልፉን ለተመልካቹ ሳያስረክብ ቪዲዮውን የሚያሳይ የጥበቃ ሥርዓት ነው። ለቡድኑ ያስረዳሁት በጣና ገዳማት ምሳሌ ነው። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ የተሻገረ ሰው ያውቀዋል። የብራና መጽሐፉን ማየት ይፈቀድላችኋል። ነገር ግን የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ለእናንተ አይሰጥም። ጠባቂው ራሱ ከፍቶ ይገባል፣ መጽሐፉን ያወጣል፣ በእጁ ይዞ እየገለጠ ያሳያችኋል፣ መልሶ ይቆልፋል። የቀድሞው ሥርዓት ለጎብኚው ቁልፉን ሰጥቶ «አይተህ መልስ» የሚል ነበር። ዲአርኤም ጠባቂ ይቀጥራል።

ጠባቂው የሚኖረው በተመልካቹ መሣሪያ ውስጥ ነው። በአንድሮይድ ስልኮችና በክሮም ብሮውዘር ዋይድቫይን ይባላል፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የገዛው ቴክኖሎጂ ነው። በአይፎንና በሳፋሪ የአፕል ፌርፕሌይ፣ በዊንዶውስ የማይክሮሶፍት ፕሌይሬዲ አለ። ሥራቸው በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ቪዲዮው ሲቆለፍ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው የቁልፉ መለያ ቁጥር እንጂ ቁልፉ አይደለም። ተማሪው «አጫውት» ሲል ጠባቂው ያንን መለያ አይቶ፣ የመሣሪያውን ማንነት በሚያረጋግጥ ፊርማ የታተመ ጥያቄ ያዘጋጃል። መተግበሪያው ጥያቄውን ወደ ፈቃድ ሰርቨሩ ያደርሳል። ሰርቨሩ ተማሪው መክፈሉን ካረጋገጠ በኋላ ቁልፉን ይልካል፤ የሚልከው ግን ያ መሣሪያ ብቻ ሊፈታው በሚችል ሌላ መቆለፊያ አሽጎ ነው። ከቁልፉ ጋር ደንብ አብሮ ይሄዳል፦ ለስንት ሰዓት ይሠራል፣ ከኢንተርኔት ውጭ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም፣ ወደ ውጭ ስክሪን ሊወጣ ይችላል ወይስ አይችልም። እሽጉን የሚፈታው ጠባቂው ነው። መተግበሪያውም ሆነ ብሮውዘሩ ተላላኪ ብቻ ናቸው፤ ቁልፉን አያዩትም።

ይህ የመላላኪያ መንገድ ለብሮውዘሮች እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 2017 የድር መደበኛ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። የኤሌክትሮኒክ ነፃነት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በዚያው ዕለት ውሳኔውን ተቃውሞ ከደረጃ አውጪው ድርጅት ለቋል። ተቃውሞው መሠረት ነበረው፤ በራሱ ዕቃ ውስጥ ባለቤቱ የማያዝዘው ጠባቂ ማስገባት ቀላል ነገር አይደለም። የዚህን ክርክር ጣዕም እኛም በመጀመሪያው ሳምንት ቀምሰነዋል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ለጉዳያችን ዋናው እርሱ ነው። ጠባቂዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። ዋይድቫይን ደረጃ አለው። በኤል1 ደረጃ ምስጢሩ የሚፈታውም ምስሉ የሚዘጋጀውም በስልኩ ማቀነባበሪያ ውስጥ ከቀረው ሥርዓት በተለየ የተጠበቀ ክፍል ነው፤ ስክሪን ለመቅረጽ የሞከረ ሰው የሚያገኘው ጥቁር ምስል ነው። በኤል3 ሁሉም በሶፍትዌር ስለሚሠራ ደካማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ አንድ ተመራማሪ እንደሰበረው በይፋ ተናግሯል። ትልልቆቹ የፊልም አገልግሎቶች ለኤል3 መሣሪያ ከፍተኛ ጥራት የማይሰጡት ለዚህ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ጉግል ለዋይድቫይን የፈቃድ ክፍያ አይጠይቅም። ሆኖም እንደዚህ ያለ ትንሽ ቡድን የራሱን ፈቃድ ሰርቨር ከማቆም ይልቅ ሦስቱንም ዓይነት በአንድ ላይ ከሚያቀርብ አገልግሎት ሰጪ ቢከራይ ይቀልለዋል። እኛም እንዲሁ አደረግን። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ውጭ አገር ያሉ የአንድ መምህር ወንድም በካርዳቸው ይከፍሉልን ጀመር። ይህ ዝግጅት በኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

ቪዲዮዎቹን በሻካ ፓኬጀር፣ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም፣ እንደገና ቆራርጬ ቆለፍኳቸው። ለእያንዳንዱ ትምህርት የተለየ ቁልፍ፤ በአንድ ትምህርት ውስጥም ለ480 መስመር ጥራት አንድ፣ ለ720 ሌላ፣ ለድምፁ ሦስተኛ። ይህ ትርፍ ድካም የሚመስል ነገር ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዳነን። አፕል የሚቀበለው የምስጠራ ዓይነትና ቆየት ያሉ አንድሮይድ ስልኮች የሚያውቁት ዓይነት ስለሚለያይ እያንዳንዱን በሁለት ቅጂ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ፋይሎቹን የጫንኩት ከሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ኢንተርኔት ሌሊት ሌሊት ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ከተቋረጠበት ይቀጥል ዘንድ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ።

በአዲሱ መቆለፊያ የመጀመሪያው የሆነው 14ኛው ትምህርት ነው። የመራዊው ልጅ ትክክል ነበር፤ የሰበቃ ኃይሉ ወደ ላይ መሆን ነበረበት። መምህሩ እንደገና ቀረጹት፤ ለልጁም የአንድ ዓመት መግቢያ በነፃ ሰጡት።

የመጀመሪያው ሳምንት

የፈቃዱን ደንቦች የሞላሁት አገልግሎት ሰጪው «የሚመከር» ብሎ ካቀረበው ቅጽ ላይ ገልብጬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅጹ የተዘጋጀው አዲስ ፊልም ለሚያሳይ ስቱዲዮ እንጂ ሎጋሪዝም ለሚያስተምር መምህር አልነበረም።

ደንቡ ኤል1 ብቻ ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ከከፋዮቹ ሲሶ ያህሉ ጥቁር ስክሪን ገጠማቸው። ተማሪ የሚይዘው ስልክ ርካሽ ነው፣ ወይም ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ ነው፤ ብዙዎቹ ኤል3 ብቻ ናቸው። ሰኞ ዕለት አንዲት እናት ከዓባይ ማዶ ተነሥተው፣ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ቢሮው ድረስ መጡ። «ልጆቼ፣ ገንዘቤን በላችሁት ነው የምል ወይስ ስልኩ ታሟል?» አሉ። የሒሳቡ መምህር ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው፤ የሚመልሱት ግን አልነበራቸውም። የከፈለችው የእርሳቸው ልጅ ጥቁር ስክሪን ታያለች፤ ቻናሉ ላይ ያለው ያልከፈለ ተማሪ ደግሞ ያለ እንከን ያያል። ስለ ዲአርኤም ከሚነገሩ ወቀሳዎች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ይመስለኛል፤ ቅጣቱ ቀድሞ የሚያርፈው በታማኙ ላይ ነው።

ሌሎቹ ብልሽቶች ተከታትለው መጡ።

የወረደ ቪዲዮ ፈቃድ በ48 ሰዓት ያበቃ ነበር። ከዘጌ ቅዳሜ ገበያ በጀልባ መጥቶ፣ የሳምንቱን ትምህርት አውርዶ የሚመለስ ተማሪ አለ፤ ሰኞ ሲከፍተው ሞቷል።

ዓባይ ማዶ ያለ አንድ አስጠኚ ማዕከል ደግሞ ትምህርቱን በይፋ ገዝቶ በላፕቶፕና በፕሮጀክተር ለክፍሉ ያሳይ ነበር። ደንቡ ወደ ውጭ የሚወጣው ምስል ኤችዲሲፒ በተባለ ጥበቃ እንዲያልፍ ያዝዛል። የማዕከሉ ፕሮጀክተር አሮጌ፣ ገመዱም የድሮው ሰማያዊ መሰኪያ ነው፤ ኤችዲሲፒ የሚባል ነገር አያውቅም። አርባ ተማሪ ባዶ ግድግዳ እያየ ተቀመጠ።

ከሁሉ ያደከመኝ ግን የሰዓቱ ነገር ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ቪዲዮው «አልተፈቀደም» ይላቸዋል፤ ስልካቸው ደህና ነው፣ ከፍለዋል፣ ኢንተርኔት አላቸው። ለሦስት ቀን ምክንያቱን አጣሁት። በመጨረሻ አንዷ የላከችው የስክሪን ምስል ላይ ያለው ሰዓት ዓይኔን ያዘው፤ ምስሉ የደረሰኝ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ሳለ ስልኳ 8፡40 ጠዋት ይላል። ሰዓታቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማየት ሲሉ የሰዓት ክልሉን ሳይነኩ በእጃቸው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የመለሱ ናቸው። የእኛ መተግበሪያ ደግሞ በስልኩ ሰዓት የታተመ ማረጋገጫ ይልካል፤ ሰርቨራችን ከአምስት ደቂቃ ያለፈውን አይቀበልም። ዋይድቫይን እዚህ ላይ ጥፋት የለበትም። ሥራው የእኔ ነው፤ የሀገሩን ሰዓት አቆጣጠር እያወቅሁ ረሳሁት። አሁን ሰዓቱ የሚወሰደው ከሰርቨሩ ነው።

የተስተካከለው

ቁልፎቹ በጥራት ተለያይተው ስለነበር ለመጠገን ቪዲዮዎቹን እንደገና መቆለፍ አላስፈለገም፤ ደንቡን መቀየር በቃ። ኤል3 መሣሪያ የ480ውን ቁልፍ ያገኛል፣ ኤል1 ሁለቱንም። ኤችዲሲፒ ቀረ። የወረደ ቪዲዮ ፈቃድ 30 ቀን ሆነ። በኤል3 ስልኮች ላይ የስክሪን ቀረጻን ለመከልከል መተግበሪያው የአንድሮይድን የራሱን መከላከያ ቅንብር እንዲጠቀም አደረግን፤ ይህ ለሚያውቅበት ሰው የሚታለፍ ቢሆንም ለብዙው ይበቃል።

480 መስመር ለፊልም ብዙ አይጎዳም። ለሒሳብ ግን የሰሌዳው ጽሕፈት ደበዘዘ፤ የ3 እና የ8 ልዩነት ጠፋ። መፍትሔው ከቴክኖሎጂ አልመጣም። የካሜራ ባለሙያው ሰሌዳውን በቴፕ ለሁለት ከፈለውና መምህራኑ ከግማሹ እንዳይወጡ፣ ፊደሉንም እንዲያገዝፉ አስገደዳቸው። የኬሚስትሪው መምህር አጉረመረሙ። ቪዲዮው ግን በ720ም ቢሆን ከቀድሞው የተሻለ ሆነ።

ከዚያ ወደ መለያ ምልክቱ ሄድን። ዲአርኤም ፋይሉን ይጠብቃል፤ በስክሪኑ ፊት ሌላ ስልክ አቁሞ የሚቀርጽን ሰው ማንም መቆለፊያ አይከለክለውም። ስለዚህ መተግበሪያው የተመልካቹን ስልክ የመጨረሻ አራት አኃዞች በምስሉ ላይ ፈዘዝ አድርጎ፣ በየጥቂት ደቂቃው ቦታ እየቀየረ እንዲጽፍ አደረግን። ትልልቅ አገልግሎቶች ዓይን የማያየው ምልክት በራሱ በምስሉ ውስጥ ይቀብራሉ፤ ለእኛ አቅም አራት አኃዝ በቃ። መጀመሪያ ላይ ምልክቱ የት እንደሚያርፍ አልገደብኩትም ነበር። አንድ ቀን በኳድራቲክ እኩልታ አናት ላይ፣ ልክ 2 በሚጻፍበት ቦታ 7 ሆኖ ተቀመጠና አንድ ክፍል ተማሪ ሙሉ ኤክስን ሰባት ጊዜ ሲያባዛ ዋለ። አሁን ከሰሌዳው ውጭ ባለው ጠርዝ ብቻ ይዞራል።

የዳንግላው ቤት

ከታኅሣሥ በኋላ በተለቀቁት ትምህርቶች ላይ ከዋናው ፋይል የተገለበጠ ቅጂ አላየንም። የካቲት ላይ ግን በሌላ ስልክ ተቀርጾ የወጣ አንድ ቪዲዮ አገኘን። ምስሉ ዘምሟል፣ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፣ በጠርዙ ላይ አራት አኃዝ ይነበባል።

ባለቤቱ ዳንግላ ያለ ተማሪ ነው። የኬሚስትሪው መምህር ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ አሉ። በሕግ መሠረት አላቸው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የሒሳቡ መምህር ቁጥሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለዩኒቨርሲቲ እያዘጋጀሁት ነው ወይስ ለወህኒ?» አሉና ራሳቸው ደወሉለት።

የተገኘው ነገር ይህ ነው። አምስት ተማሪዎች አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። እየተዋጡ አንድ መግቢያ ገዙ። ደንባችን በአንድ መለያ አንድ መሣሪያ ብቻ ስለሚፈቅድ አምስቱ በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ማየት አልቻሉም፤ አንዱ ቀረጸው፣ ወንድሙ ቻናል ላይ ጫነው። ልጁ በስልክ ሲያለቅስ እንደነበር መምህሩ ነግረውኛል። ቪዲዮው በዚያው ቀን ወረደ። በሳምንቱ ቡድኑ ለአምስት ሰው በ1,000 ብር፣ በሦስት መሣሪያ የሚያገለግል የጋራ መግቢያ ከፈተ። በገቢ በኩል ከመቆለፊያው ይልቅ የጠቀመው ይህ ይመስለኛል፤ እስከ ሰኔ ድረስ ከአዲስ ከፋዮች ግማሽ ያህሉ የመጡት በጋራ መግቢያው ነው። በካሜራ የተቀረጸ ቅጂ እስከ ፈተናው ድረስ ሰባት ጊዜ አይተናል። የአምስቱን ባለቤት አውቀን አነጋግረናል፤ ሁለቱ አኃዙን በጣታቸው ሸፍነውታል።

በድሮው ቻናል ላይ ያሉት 90ዎቹ እስከ አሁን አሉ። አንዴ የወጣ አይመለስም፤ እርሱን ማሳደድ ትተናል።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ተመሳሳይ ሥራ ላለው ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምለው፣ «ተመስጥሯል» የሚለው ቃል አያርካህ ነው። የሚጠየቀው ቁልፉ በማን እጅ፣ በምን ሁኔታ እንደሚደርስ ነው። በአንድ የከፋይ መለያና በአንድ ተራ የማውረጃ ፕሮግራም ራስህ ሞክረው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ይህን ፈተና በመጀመሪያው ቀን ብናደርገው ኖሮ 90 ቪዲዮ አይወጣም ነበር።

ጥብቅ ደንብ ከማዘዝህ በፊት ተመልካችህ የያዘውን መሣሪያ ቁጠር። መተግበሪያው ለሁለት ሳምንት ማንንም ሳይከለክል የስልኩን ደረጃ ብቻ ቢመዘግብ ኖሮ ሲሶው እንደሚጨልምበት ቀድሜ አውቅ ነበር። አሁን አዲስ ደንብ ሁሉ በዚህ መንገድ ያልፋል። የፊልም ስቱዲዮ የሚፈራው ነገር ሌላ ነው፤ ከተለቀቀ በአንድ ቀን ውስጥ በመላው ዓለም መሰራጨትን ይፈራል። አስጠኚ ግን ፈተናው እስኪደርስ ድረስ አዲሱ ትምህርት በቀላሉ እንዳይገለበጥ ብቻ ነው የሚፈልገው። የወር ጊዜ ካገኘ በቂው ነው።

ሦስተኛው ስለ ጥገኝነት ነው፤ በዚህ ላይ የተማርነው በክፉ ቀን ነው። ሚያዝያ ውስጥ የዶላር ክፍያው በካርድ ችግር ሳይተላለፍ ቀረና አገልግሎት ሰጪው ፈቃድ መስጠት አቆመ። ለግማሽ ቀን ማንም አዲስ ትምህርት መክፈት አልቻለም። አስቀድመው ያወረዱት ብቻ በ30 ቀኑ ፈቃዳቸው ቀጠሉ። ቪዲዮው የእኛ ነው፣ ፋይሉ በእኛ እጅ ነው፣ ሆኖም በሌላ ሰው ሰርቨር ፈቃድ ካልሆነ አይከፈትም። ከዚያ ወዲህ የቁልፎቹን ሙሉ ዝርዝር ከኢንተርኔት በተለየ ዲስክ በሁለት ቦታ እናስቀምጣለን፤ ያልተቆለፉት ዋና ቅጂዎችም እንዲሁ። ክፍያው የሦስት ወር ቀድሞ ይፈጸማል። አገልግሎት ሰጪ መቀየር ቢያስፈልግ ቁልፎቹን ይዞ መውጣት እንደሚቻል በውሉ ላይ ማስጻፍም ነበረብን፤ አላስጻፍንም።

አሁን ያለበት

ለ2018 ዓ.ም. ተፈታኞች አዲሶቹ ትምህርቶች ክረምቱን ተቀርጸዋል። በቡድኑ ውስጥ ያልተቋጨ አንድ ክርክር አለ። የኬሚስትሪው መምህር በላፕቶፕ ብሮውዘር ማየት ጨርሶ እንዲዘጋ ይፈልጋሉ፤ ክሮም በላፕቶፕ ላይ ኤል3 ብቻ ስለሆነ ደካማው በር እርሱ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የሒሳቡ መምህር ደግሞ የዓባይ ማዶው ማዕከል ፕሮጀክተር የሚሠራው በዚያ በር ብቻ መሆኑን ያስታውሳሉ። እኔ ለማዕከላት ብቻ የሚሰጥ፣ በስማቸው ምልክት የሚታተምበት፣ በ480 የተወሰነ መለያ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ማዕከሉ አዲስ ፕሮጀክተር እገዛለሁ ብሏል፤ መቼ እንደሆነ አልተናገረም።